ከመልካ ቁንጥሬ እስከ ሻሸመኔ፦ በድንኳን እያደሩ የመንገድ ዳር ቅርሶችንና አስገራሚ ሥፍራዎችን ለመጎብኘት የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

ከአዲስ አበባ ወደ ላንጋኖ ለመዝናናት የሚወጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያስበው ሐይቁን ብቻ ነው፤ ቅዳሜ ማለዳ ይነሳል፣ በሞጆ በኩል ወርዶ ለምሳ ይደርሳል፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ በመጣበት መንገድ ይመለሳል። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ለሐይቁ የሚሰጠውን ጊዜ በመጠኑ ቀንሰው በመንገዱ ዳርና ዳር ለሚገኙት ቅርሶች መስጠት ለሚፈልጉ ተጓዦች ነው። መንገዱን በዓለም ገናና በቡታጅራ በኩል ብናደርገው በአንድ ጉዞ የሁለት ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላቸው የድንጋይ መሣሪያዎች የተገኙበትን ሸለቆ፣ ከዐለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን፣ ሰይፍ የተቀረጸባቸውን ትክል ድንጋዮች፣ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የተፈጠረ ሐይቅ፣ ከመሬት ውስጥ ፈልቶ የሚወጣ ውኃና በመጨረሻም ከካሪቢያን ደሴቶች የመጡ ሰዎች የሠሩትን መንደር እናያለን። ቅደም ተከተሉ ከጥንታዊው ወደ ቅርቡ ዘመን የሚወርድ መሆኑ ጉዞውን በተለይ ለልጆች የታሪክ ትምህርት ያደርገዋል። ለዚህ ሁሉ አራት ቀንና ሦስት ሌሊት ይበቃል።

አንደኛ እርምጃ፦ ወቅቱን መምረጥ

ለዚህ ጉዞ የምመርጠው ታኅሣሥንና ጥርን ነው። ክረምቱ ካለፈ በኋላ መሬቱ ደርቆ ከአስፋልት የሚገነጠሉት የጠጠርና የአፈር መንገዶች ለትንሽ መኪና ሳይቀር ይመቻሉ፤ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዙሪያ ደግሞ የወባ ሥርጭት የሚበረታው ዝናቡ እንዳቆመ ባሉት ሳምንታት በመሆኑ ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለውን ጊዜ ማሳለፍ ይጠቅማል። በታኅሣሥና በጥር ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ የሸሹ ወፎች በሐይቆቹ ዳርቻ ስለሚሰፍሩ ወፍ ማየት የሚወድ ሰው ዕጥፍ ይጠቀማል። ከሁለት ነገሮች ጋር ግን ቀኑን ማመሳከር ያስፈልጋል። ከዐለት የተፈለፈለው ቤተ ክርስቲያን አዳዲ ማርያም በየወሩ በ21 ቀን የማርያም በዓል ስለሚከበርበት በሕዝብ ይጨናነቃል፤ በዓሉን ለማክበር የሚሄድ ሰው ያንን ቀን ይመርጣል፣ ሕንጻውን በጥሞና ማየት የሚፈልግ ግን ሌላ ቀን ይያዝ። በጥምቀት ሰሞን ደግሞ በሐይቅ ዳር ባሉ ከተሞችና በላንጋኖ ማደሪያዎች ቦታ ማግኘት አስቸጋሪ ስለሚሆን አስቀድሞ በስልክ መያዝ ግድ ነው።

ከመነሳትዎ ሁለትና ሦስት ቀን በፊት በመንገዱ ላይ ከሚኖሩ ሰዎች፣ ከሚያድሩባቸው ሆቴሎችና ከየከተማው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት የጸጥታውን ሁኔታ ይጠይቁ፤ በመነሻው ቀን ጠዋትም ይድገሙት። መልሱ የሚያመነታ ከሆነ ጉዞውን ለሌላ ሳምንት ማዛወር ይሻላል፤ ቅርሶቹ ባሉበት ይቆያሉ። በጉዞው ሁሉ አንድ ሕግ ያለ ማወላወል ይጠበቅ፦ ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት ማደሪያ መድረስ። በገጠር መንገድ በጨለማ ከብት፣ ጋሪና መብራት የሌለው ተሽከርካሪ ስለሚያጋጥም ይህ ሕግ ለጸጥታም ለመኪና አደጋም መከላከያ ነው።

ሁለተኛ እርምጃ፦ ዕቃ ማሰናዳት

በዚህ መንገድ ላይ ሁለት ዓይነት አየር አለ። የመጀመሪያው ሌሊት የሚታደረው ከባሕር ጠለል በላይ ሁለት ሺህ ሜትር አካባቢ ባለ ደጋማ ሥፍራ ስለሆነ በታኅሣሥ ብርዱ ይነክሳል፤ ሐይቁ ዳር ያሉት ሌሊቶች ግን ለብ ያሉ ናቸው። ስለዚህ አንድ ወፍራም ብርድ ልብስና አንድ ቀላል አንሶላ መያዝ ከአንድ ውድ የመኝታ ከረጢት የበለጠ ይጠቅማል። ድንኳኑ የትንኝ መከላከያ መረቡ ያልተቀደደ መሆኑን ቤት ውስጥ ተክለው ያረጋግጡ፤ ጥርጣሬ ካለ አጎበር ይጨምሩ። ከድንኳኑ ሥር የሚነጠፍ ወፍራም ሸራ እንደ ትርፍ ዕቃ መቆጠር የለበትም፤ በላንጋኖ ዙሪያ ያለው የግራር እሾህ ስስ የድንኳን ወለል በስቶ ፍራሽ ድረስ ይዘልቃል። ካስማዎቹን ለመምታት መዶሻ፣ ለሌሊት በራስ ላይ የሚታሰር ባትሪ፣ ለመጠጥና ለማብሰያ በነፍስ ወከፍ በቀን አምስት ሊትር ውኃ የሚይዝ ጀሪካን ይዘጋጅ።

ለማብሰያ ትንሽ የጋዝ ምድጃ ይያዙ፤ በመንገድ ዳር በኩንታል ተደርድሮ የሚሸጠውን ከሰል አይግዙ። ይህን አጥብቄ የምናገረው አብያታ-ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ሲገቡ ምክንያቱን በዓይንዎ ስለሚያዩት ነው፤ ድሮ ጥቅጥቅ ያለ የነበረው የግራር ደን ብዙው ለከሰልና ለማገዶ ተቆርጦ አልቋል። በየመንገዱ የምንገዛው ከሰል ከየት እንደሚመጣ ሳናስብ ስለ ጠፋው ዱር ማዘን ትርጉም የለውም።

ምግብን በተመለከተ ብዙ መሸከም አያስፈልግም። በሶ፣ ጭኮ፣ ዳቦ ቆሎና ቡና ከነጀበናው ከቤት ይምጣ፤ ቡታጅራ ላይ ክትፎ ከቆጮና ከአይብ ጋር፣ ባቱ (ዝዋይ) ላይ ከሐይቁ የወጣ ዓሣ፣ ከመቂ እስከ ባቱ ደግሞ ከእርሻው የተለቀመ ቲማቲምና ፓፓያ ይገኛል። ጉዞው በጾም ላይ ከዋለ የዓሣው ነገር እንደየቤቱ ሥርዓት ይታያል፤ ሽሮና አትክልት በየትኛውም ከተማ አይጠፋም።

መኪናው ስኮርታው ነፋስ ያለው፣ ክሪኩ የሚሠራ፣ ነዳጁ ከአዲስ አበባ ሲወጣ የሞላ ይሁን። የሁሉም ተጓዥ መታወቂያ ይያዝ። ለመግቢያና ለአስጎብኚ ክፍያ ዝርዝር ብር በኪስ መኖር አለበት፤ በትንንሽ የቅርስ ሥፍራዎች ኔትወርክ ሲጠፋ የስልክ ክፍያ አይሠራም።

ሦስተኛ እርምጃ፦ የመጀመሪያው ቀን፣ መልካ ቁንጥሬ

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከአዲስ አበባ በዓለም ገና በኩል ይውጡና የቡታጅራን መንገድ ይያዙ። 50 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዙ በኋላ በአዋሽ ወንዝ ድልድይ አካባቢ የመልካ ቁንጥሬ ሙዚየም ምልክት ይታያል። ብዙ መኪና ምልክቱን አልፎት ይሄዳል፤ ሥፍራው ከመንገድ ሲታይ ጥቂት የሣር ክዳን ቤቶች ብቻ ስለሆነ ያለውን ክብደት አያሳይም።

እ.ኤ.አ. በ1963 ጄራር ዴከር የተባለ የኔዘርላንድ የውኃ ባለሙያ ሥፍራውን አገኘው፤ ከ1965 ጀምሮ ዣን ሻቫዮን የመራው የፈረንሳይ ቡድን ቁፋሮውን አካሄደ፣ በኋላም የጣሊያን ተመራማሪዎች ተረክበው ቀጠሉት። በሸለቆው ውስጥ ተደራርበው የሚገኙት የአፈር ንጣፎች ከሁለት ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጀምሮ የሰው ዘር መሣሪያ አሠራር እንዴት እንደተለወጠ በአንድ ሥፍራ ያሳያሉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ይህ ሥፍራ ሉሲ እንደተገኘችበት እንደ አፋሩ ሐዳር ሞቃት ቆላ ሳይሆን ደጋ ነው፤ የጥንት ሰው ብርድን ተቋቁሞ በከፍታ ላይ እንዴት እንደኖረ የሚመሰክር በመሆኑ በዓለም ላይ ልዩ ግምት ተሰጥቶታል። እ.ኤ.አ. በ2024 በአቅራቢያው ካለው ከባልጪት ጋር በአንድነት በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ጉብኝቱን በሚከተለው ሁኔታ ቢያካሂዱት ይመረጣል። አስቀድመው በሣር ክዳን ቤቶቹ ውስጥ የተደረደሩትን መሣሪያዎች ከጥንታዊው ወደ ቅርቡ ይመልከቱ፤ በመጀመሪያ አንድና ሁለት ጊዜ ብቻ የተመታ ድንጋይ፣ ቀጥሎ በሁለቱም ጎን የተስተካከለ የእጅ መጥረቢያ፣ በስተመጨረሻ ደግሞ ስስና ሹል ስለት ይታያል። ዓይንዎ ልዩነቱን ከለመደ በኋላ ጎምቦሬ ወደተባለው፣ ቁፋሮው እንደነበረ ተጠብቆ ጣራ ወደተሠራለት ሥፍራ በእግር ይሂዱ። የድንጋይ መሣሪያዎችና የእንስሳት አጥንቶች በወደቁበት መሬት ላይ ተኝተው ይገኛሉ። በጎምቦሬ 700,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ የሰውና የእንስሳት ዱካዎች ተገኝተዋል፤ ከሰዎቹ ዱካዎች መካከል የሕፃናት እግር መኖሩ እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ጥናት ተገልጿል። ከልጆች ጋር የሚጓዝ ቤተሰብ ይህን ሳይናገር እንዳያልፍ አደራ እላለሁ፤ ቁጥር የማይገባው ሕፃን የሕፃን እግር ይገባዋል።

ባልጪት ከመልካ ቁንጥሬ በስተ ሰሜን በጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የሚገኝ፣ መሬቱ በጥቁር ባልጩት (መስታወት መሰል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ስባሪ የተሸፈነ ሥፍራ ነው። ፀሐይ ሲያርፍበት እንደ ጠርሙስ ያብረቀርቃል። የጥንት ሰዎች ለመሣሪያቸው የሚሆነውን ድንጋይ ያመጡት ከዚህ ነው፤ በአካባቢው ቆዳ የሚፍቁ ባለሙያዎችም እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ በባልጩት ሲጠቀሙ ኖረዋል። ወደዚያ የሚሄዱት ከሙዚየሙ አስጎብኚ ጋር ብቻ ይሁን። አንዲት ስባሪ እንኳ ወደ ኪስ አትግባ፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከቦታው ማንሳት የተከለከለ ነው፤ ከዚያም በላይ ድንጋዩ ዋጋ የሚኖረው በወደቀበት ሥፍራ ሲገኝ ብቻ ነው። ተመራማሪው የሚያነበው የድንጋዩን ቅርጽ ብቻ ሳይሆን የተኛበትን አፈርና አጠገቡ ያለውን አጥንት ጭምር በመሆኑ፣ የተነሳ ድንጋይ ታሪኩን አጥቶ ተራ ጠጠር ሆኖ ይቀራል።

አራተኛ እርምጃ፦ አዳዲ ማርያም

የአዋሽን ድልድይ ተሻግረው በስተ ቀኝ በሚገነጠለው መንገድ ወደ ምዕራብ ከአሥር ኪሎ ሜትር በላይ ጥቂት ከተጓዙ አዳዲ ማርያም ይደርሳሉ። ቤተ ክርስቲያኑ ከዐለት የተፈለፈለ ሲሆን በትውፊት የሚነገረው በንጉሥ ላሊበላ ዘመን እንደታነፀ ነው። ከላስታ ይህን ያህል ርቆ ወደ ደቡብ የሚገኝ ውቅር ቤተ ክርስቲያን መሆኑ ብቻ እንኳ ለመሄድ በቂ ምክንያት ነው። ከመሬት ወለል ዝቅ ብሎ የተሠራ በመሆኑ ከሩቅ አይታይም፤ አጠገቡ ሲደርሱ በድንገት ከእግርዎ በታች ይገለጣል። የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ያየ ሰው ሥራው እዚህ ሻካራና ቀለል ያለ መሆኑን ያስተውላል፤ እኔ ግን ይህ ሻካራነት የመሮውን ምት ከግድግዳው ላይ በግልጽ ስለሚያሳይ ፈልፋዮቹን ይበልጥ ያቀርባቸዋል ባይ ነኝ።

ከ4 ሰዓት በፊት ቅዳሴ ሊኖር ስለሚችል አይቸኩሉ። በጾም ቀናት ቅዳሴው ወደ ከሰዓት በኋላ ስለሚዞር ሰዓቱን አስቀድመው ቢያጣሩ መልካም ነው። ጫማ ይወልቃል፤ ሴቶች ነጠላ ይለብሳሉ፤ ወደ መቅደሱ መጋረጃ መጠጋት አይፈቀድም። አስተዳዳሪውን ወይም ያገኙትን ካህን «አባ፣ ይባርኩን» ብለው መስቀል ከተሳለሙ በኋላ የመጡበትን ምክንያት ይንገሩ፤ ፎቶግራፍ ማንሳት ይቻል እንደሆነም ያኔ ይጠይቁ። የመግቢያ ክፍያው ደረሰኝ አለው፤ ከዚያ ውጪ የሚሰጡትን በሙዳየ ምጽዋቱ ያስገቡ።

አምስተኛ እርምጃ፦ ጢያ

ጢያ ለመድረስ ትክክለኛው ሰዓት ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። ይህ የምቾት ጉዳይ አይደለም። በትክል ድንጋዮቹ ላይ ያሉት ቅርጾች ብዙ ጥልቀት የሌላቸው ስለሆኑ ፀሐይ በአናት ላይ ስትሆን ጠፍጣፋ ሆነው ይታያሉ፤ ፀሐይ አዘቅዝቃ ብርሃኗ ከጎን ሲመጣ ግን እያንዳንዱ ሰይፍ ጥላ ጥሎ ከድንጋዩ ላይ ይነሳል። ፎቶግራፍ የሚያነሳ ሰው በብርሃኑ አቅጣጫ ሳይሆን በጎን ቆሞ ያንሳ። ድንጋዩ ላይ ውኃ ማፍሰስ፣ በጠመኔ ማድመቅ ወይም በእጅ ማሻሸት ግን ቅርጹን የሚጎዳ ስለሆነ ማንም ቢጋብዝዎ እንቢ ይበሉ።

በሥፍራው 36 ትክል ድንጋዮች ያሉ ሲሆን 32ቱ ቅርጽ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ቅርሶች አንዱ ነው። በጉራጌ ሶዶ አካባቢ ከተገኙት 160 ገደማ የሚሆኑ ተመሳሳይ ሥፍራዎች መካከል በብዛትም በቅርጽም የላቀው ይህ ነው። በአካባቢው ሕዝብ ዘንድ «የግራኝ ድንጋይ» እየተባለ ይጠራል፤ ይሁን እንጂ ድንጋዮቹ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከኖረው ከግራኝ፣ ማለትም ከኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ዘመን በብዙ የሚቀድሙ ናቸው። የፈረንሳዊው አርኪዮሎጂስት የሮጀር ዡሶም ቡድን ባካሄደው ቁፋሮ ከድንጋዮቹ ሥር መቃብሮች የተገኙ ሲሆን ከሟቾቹ አብዛኞቹ ወጣቶች ነበሩ፤ ጉልበታቸው ወደ ደረታቸው ታጥፎ በማኅፀን እንዳለ ሕፃን ተቀብረዋል። ይህን ማወቅ አካሄድን ይለውጣል፦ የቆሙት መቃብር ላይ ነውና በድንጋዮቹ መካከል ሲዘዋወሩ ድምፅ ዝቅ ይበል፣ ልጆችም እንዳይወጡባቸው ይነገራቸው።

ቅርጾቹን ለማንበብ የሚከተለው ቅደም ተከተል ይረዳል። በመጀመሪያ ሰይፎቹን ይቁጠሩ፤ በአንዱ ድንጋይ ላይ አንድ ሰይፍ ብቻ፣ በሌላው በርካታ ተደርድረው ይገኛሉ፤ አስጎብኚዎች ብዙ ጊዜ የሚሰጡት ትርጓሜ ሟቹ የገደላቸውን ጠላቶች ቁጥር ያመለክታል የሚል ነው። ቀጥሎ ከታች በኩል ያለውን ቅርንጫፍ መሰል ምልክት ይፈልጉ፤ እንሰት ነው የሚሉ አሉ፣ ሌላ ትርጓሜ የሚሰጡትም አሉ። ከዚያ ክብ ምልክቶቹን ይመልከቱ፤ ጡትን የሚያሳዩ ናቸው ተብለው ሴቶችን እንደሚወክሉ የሚነገርላቸው ድንጋዮች አሉ። ከአስጎብኚው ጋር ስትጠያየቁ «እንዲህ ይባላል» የተባለውንና በቁፋሮ የተረጋገጠውን ለይተው ይያዙ፤ ሁለቱም ይጠቅማሉ፣ ግን አንድ አይደሉም።

በጢያ ሜዳ ላይ ድንኳን መትከል አይገባም። ዙሪያው የገበሬ ማሳ ነው፤ የቅርሱ ክልልም ለማደሪያ የተፈቀደ አይደለም። እስከ 11 ሰዓት ቆይተው ወደ ቡታጅራ ይንዱ፤ በከተማው ግቢ ያላቸው ሆቴሎች አስቀድሞ ከተጠየቁ በአትክልት ቦታቸው ድንኳን ለመትከል በመጠነኛ ክፍያ ይፈቅዳሉ፤ ጥበቃ፣ ውኃና መጸዳጃ አብሮ ይገኛል። ይህን አሠራር ከዱር ማደር ያነሰ አድርገው አይቁጠሩት፤ ለመጀመሪያ ሌሊት፣ በተለይ ድንኳን ተክሎ ለማያውቅ ቤተሰብ፣ ካስማ የት እንደሚመታና ዕቃ እንዴት እንደሚደረደር ያለ ስጋት የሚለመድበት ነው።

ስድስተኛ እርምጃ፦ ሁለተኛው ቀን፣ ከሀረ ሸይጣን እስከ ላንጋኖ

ከቡታጅራ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደሄዱ ከአስፋልቱ ብዙም ሳይርቅ ሀረ ሸይጣን የሚባለው ሐይቅ ይገኛል። በዙሪያው ቆመው ወደ ታች ሲመለከቱ ገደሉ ቀጥ ብሎ ወርዶ ውኃው ላይ ያበቃል። እንዲህ ያለ ጉድጓድ የሚፈጠረው ከታች የሚወጣው ቅልጥ ዐለት ከከርሰ ምድር ውኃ ጋር ሲገናኝ በሚከተለው የእንፋሎት ፍንዳታ ነው። የአካባቢው ሰው ግን ከስሙ ጋር የተያያዘ የራሱ አፈ ታሪክ አለው፤ ከልጆች ይልቅ አንድ ሽማግሌ ፈልገው «አባቴ፣ እስቲ ይንገሩን» ብለው ቢጠይቁ በሙሉ ይሰሙታል። ጠዋት ይሂዱ፣ ከጠርዙ ሁለትና ሦስት ሜትር ወደ ኋላ ይቁሙ፣ ልጆችን እጅ ይያዙ፣ ለመውረድ አይሞክሩ፤ አፈሩ የላላ ነው።

ከዚያ ወደ ቡታጅራ ተመልሰው የባቱን መንገድ ይያዙ፤ ርቀቱ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ነው። የጉራጌ ተራሮች ከኋላ እየራቁ መኪናው ወደ ስምጥ ሸለቆ ወለል ሲወርድ ሙቀቱ ይጨምራል፣ እንሰቱ ቀርቶ ግራር ይተካል። ባቱ ላይ በሐይቁ ወደብ ለአንድ ሰዓት ማረፍ በቂ ነው። ዓሣ አጥማጆች የሚጥሉትን ትርፍራፊ የሚጠብቁት አባ ኮዳዎች ከሰው መካከል ያለ ፍርሃት ሲራመዱ ማየት ልጆችን ያስደስታል። ጊዜ ያለው ሰው በጀልባ ወደ ቱሉ ጉዶ ደሴት ሊሻገር ይችላል፤ በዚያ የሚገኘው ደብረ ጽዮን ገዳም በትውፊት ታቦተ ጽዮን ከዮዲት ጉዲት ዘመን ጥፋት ተሸሽጋ የቆየችበት ነው፤ በደሴቶቹ የሚኖሩት የዛይ ሕዝቦችም የራሳቸው ቋንቋ አላቸው። ይህ ግን ሙሉ ቀን የሚፈልግ ስለሆነ በአራት ቀኑ ውስጥ አይግባ፤ ከተመኙት አምስተኛ ቀን ይጨምሩ። ጀልባ ሲሳፈሩ የነፍስ አድን ጃኬት መኖሩን ሳያረጋግጡ አይነሱ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሳ መመለሻው ከዚያ በፊት ይሁን።

ላንጋኖ ከ9 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ይድረሱ። በሐይቁ ምዕራባዊ ዳርቻ ድንኳን ለሚተክሉ እንግዶች ቦታ የሚያከራዩ ማደሪያዎች አሉ። ሲመርጡ ጥበቃው ሌሊት እንዳለ፣ መጸዳጃው ከድንኳኑ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ቅዳሜ ማታ ሙዚቃ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚከፈት ይጠይቁ። ድንኳኑን ከውኃው ጠርዝ ቢያንስ 30 ሜትር አርቀው ከፍ ባለ ቦታ ይትከሉ፤ በር ከነፋሱ በተቃራኒ ይዙር፤ ከትልቅ ግራር ሥር በቀጥታ አይሁን፣ የደረቀ ቅርንጫፍ ሊወድቅ ይችላልና። መሬቱን በእጅ ሳይሆን በመጥረጊያ ከእሾህ ያጽዱ። ምግብ በድንኳን ውስጥ አያሳድሩ፤ ጦጣዎች ዚፕ መክፈት ያውቃሉ። የሐይቁ ውኃ ቡናማ የሆነው በተንሳፈፈው ደቃቅ አፈር ምክንያት ነው እንጂ ቆሻሻ ሆኖ አይደለም፤ ከሌሎቹ ሐይቆች በተለየ ከቢልሃርዚያ (በውኃ ከሚተላለፈው ጥገኛ ትል በሽታ) ነፃ እንደሆነ ስለሚታወቅ ሰዎች ይዋኙበታል። ቢሆንም የት እንደሚዋኝ የማደሪያው ሠራተኞች ያሳዩዎት።

ሰባተኛ እርምጃ፦ ሦስተኛው ቀን፣ አብያታና ሻላ

የብሔራዊ ፓርኩ በር ከዋናው መንገድ ዳር፣ ከላንጋኖ መገንጠያ ብዙም ሳይርቅ ይገኛል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ይግቡ፤ ለሰውና ለመኪና ተለይቶ ይከፈላል፣ ስካውትም (የፓርኩ ጠባቂ) አብሮ ይወጣል። ስካውቱን በፊተኛው ወንበር ያስቀምጡትና የሚለውን ይስሙ፤ በተለይ ወደ አብያታ ሐይቅ ሲጠጉ። የሐይቁ ዳርቻ ከላይ ደርቆ ነጭ ቅርፊት ይሠራል፣ ከሥሩ ግን ጭቃ ነው፤ መኪና ከገባ በሰው ጉልበት አይወጣም። በጠጣር መሬት ላይ አቁመው በእግር ይሂዱ።

አብያታ ሲታይ የሚያሳዝን ሐይቅ ነው። የቀድሞ ዳርቻው አሁን ካለው ውኃ ርቆ ይታያል። ለሶዳ አሽ (ከሐይቁ ውኃ ለሚወጣው የኢንዱስትሪ ጨው) ማምረቻ የሚሳበው ውኃና ሐይቁን በሚመግቡት ወንዞች ላይ የተስፋፋው መስኖ አንድ ላይ ሆነው አሳንሰውታል፤ የጨውነቱ መጠን ሲጨምር ዓሣው ጠፋ፣ ዓሣውን ይበሉ የነበሩት ፔሊካኖችም ሌላ ቦታ ለመፈለግ ተገደዱ። ፍላሚንጎዎች ግን አሁንም በውኃው ላይ ይታያሉ። ሻላ በአንጻሩ 266 ሜትር ጥልቀት ያለው፣ ከኢትዮጵያ ሐይቆች ሁሉ ጥልቁ ነው። ሁለቱን ሐይቆች የሚለየው ኮረብታ ላይ ወጥተው በአንድ ጊዜ ሲያዩዋቸው አንዱ ስስና ፈዛዛ፣ ሌላው ጠቆር ያለ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል።

በሻላ ዳርቻ ያሉት ፍል ውኃዎች የቀኑ መጨረሻ ማረፊያ ይሁኑ። የአካባቢው ሰዎች ለሕክምና ይታጠቡበታል። ምንጩ በሚፈልቅበት ቦታ ውኃው የሚያቃጥል ስለሆነ እግር አይነከርም፤ ወደ ሐይቁ ሲወርድ በሚበርድበት ሥፍራ፣ ያውም ስካውቱ ባሳየዎት ቦታ ብቻ ይታጠቡ። በሚታጠቡ ሰዎች ላይ ካሜራ ማነጣጠር ነውር ነው። ከምሳ በኋላ ወደ ድንኳኑ ተመልሰው ያረፉት ሰዓት ለማግስቱ መንዳት ስለሚያስፈልግ ሌላ ጉብኝት አይጨምሩበት።

ስምንተኛ እርምጃ፦ አራተኛው ቀን፣ ሻሸመኔና መመለሻ

ድንኳኑን ማለዳ ነቅለው ወደ ሻሸመኔ ይንዱ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1948 በኢጣሊያ ወረራ ዘመን ከኢትዮጵያ ጎን ለቆሙት፣ በካሪቢያንና በአሜሪካ ለሚኖሩት የአፍሪካ ዝርያ ሰዎች መታሰቢያ 200 ሄክታር ያህል መሬት እዚህ ሰጥተዋል። መሬቱ የተሰጠው ዶክተር መላኩ በያን እ.ኤ.አ. በ1937 በኒው ዮርክ ባቋቋሙት የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን በኩል ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ጃማይካን ከጎበኙ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱን የሚያከብሩት፣ ራስ ተፈሪያን የሚባሉት መጪዎች ቁጥር ጨመረ። ደርግ መሬትን ሲወርስ የመንደሩ ይዞታ በእጅጉ ጠበበ፤ ነዋሪዎቹ ግን አልሄዱም፤ ለብዙ ዓመታት ያለ ሕጋዊ ወረቀት ከኖሩ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2017 የመታወቂያ ካርድ እንዲሰጣቸው ተወስኗል።

በመንገድ ዳር ያለውን አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ቀለም ብቻ ፎቶ አንስቶ ማለፍ ለዚህ ታሪክ አይመጥንም። ሙዚየሙን ይጎብኙ፣ የሚሸጡትን የእጅ ሥራ ይመልከቱ፣ ፈቃደኛ የሆነ ነዋሪ ካገኙ ቤተሰቡ ከየት ደሴት እንደመጣና መቼ እንደመጣ ይጠይቁ፤ ብዙዎቹ አማርኛም ኦሮምኛም ይናገራሉ። ሰውን በስሙ ወይም በወግ ይጥሩ፣ የፀጉሩን አቀማመጥ መጠሪያ አያድርጉት። ጋንጃ በሀገሪቱ ሕግ የተከለከለ መሆኑን እያወቁ በመንገድ ላይ የሚያቀርብልዎትን ሰው በትሕትና አልፈው ይሂዱ። ጉዞዎ ከጥቅምት 23፣ ማለትም ከንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ቀን፣ ወይም ከሐምሌ 16 የልደት ቀናቸው ጋር ከገጠመ መንደሩ በከበሮና በመዝሙር ሲያከብር ያገኙታል።

ሰዓቱ ከ5 ሰዓት ካላለፈ ከሻሸመኔ አቅራቢያ ያለው የወንዶ ገነት ፍል ውኃ ለአንድ ሰዓት መታጠቢያ ይበቃል። ከዚያ በኋላ መመለሻው በባቱና በሞጆ በኩል ይሁን፤ ወደ 250 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን መንገድ ከመሸ በፊት ለመጨረስ ከሻሸመኔ ከ7 ሰዓት በፊት መነሳት ያስፈልጋል። ቤት ሲደርሱ ድንኳኑን ጠቅልለው አያስቀምጡ፤ ከሐይቁ ዳር የያዘው እርጥበት በጥቂት ቀናት ውስጥ ሻጋታ ስለሚያወጣበት በረንዳ ላይ ዘርግተው ያድርቁት፣ ወለሉ ላይ የተሰኩትን እሾሆች በወረንጦ ይንቀሉ፣ የካስማዎቹን ቁጥር ያረጋግጡ።